ሁለተኛው መታጠፊያ

መሐንዲሱ ጀኔሬተር ክፍል ውስጥ በሞተሩ ጭስ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። በሩ ራሱ ተመልሶ ይዘጋል፣ የሚከፈተው ግን ከውጭ ብቻ ነው፤ ምስኪን፣ ጥፍሩ እስኪነቀል ቧጥጦታል።

አደጋ ሲደርስ ሕዝብን ወደ መውጫ የሚመራ ሰደርያ ሠርቶ ነበር። ቀኝ ትከሻ ላይ ሲነዝር ወደ ቀኝ፣ ግራው ላይ ሲነዝር ወደ ግራ መታጠፍ ነው፤ ትእዛዙን አንድ ቴክኒሻን ከጠረጴዛ ሆኖ ቁልፍ እየተጫነ ይልካል። የዚያን ጠዋት ኮሪደሩ በጭስ ማሽን ተሞልቶ፣ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ራሱ ሊሞክረው ገባ፤ በዚያው ቀረ።

መርማሪዋ ሕንፃው እንደተቆለፈ ይቆይ ብላ፣ መስኮት በሌለው ኮሪደር ሦስት ሰዎች አስቀመጠች፦ ሥራ አስኪያጁን፣ ቴክኒሻኑንና ልብስ ሰፊዋን። ልብስ ሰፊዋ ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ወር አልሞላትም። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ቀሚሷን አርሶታል፤ ልጇ ጎረቤት ዘንድ ነው፣ ማን ያጥባው? ጣት የተቀሰረውም እሷ ላይ ነበር። ሰደርያው ሲፈተሽ የቀኝና የግራው ገመድ ተቀያይሮ ተገኝቷል፤ ገመዶቹን የምትሰካው ደግሞ እሷ ነች።

«እንቅልፍ የላትም፤ ተሳስታ ይሆናል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እንዳዘነላት ሁሉ።

ቴክኒሻኑ ትእዛዞቹን በትክክል እንደላከ፣ ከጠረጴዛው ንቅንቅ እንዳላለ ማለ። መርማሪዋ ግን እጅጌው ላይ ያለውን የዘይት እድፍ አየች።

ከዚያ ሁሉንም መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሰብስባ ሰደርያውን ለበሰች። መቆጣጠሪያውን ይዞ የመጣው ቴክኒሻን የቀኙን ቁልፍ ሲጫን ግራ ትከሻዋ ላይ ነዘራት።

«ይኸው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንከተለዋ» ብላ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ብዙም ሳትሄድ መጋዘኑ በር ላይ ደረሰች። «ገመዱ ቀድሞ ተቀያይሮ ቢሆን ሬሳውን የምናገኘው እዚህ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ በትክክል ወደ ቀኝ ሄዷል። የሳተው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው፤ መውጫው በግራ ሳለ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጀኔሬተሩ ክፍል ተላከ። ገመዱ የተቀየረው ከሞተ በኋላ ነው።»

ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «አልተነሳሁም ያልከኝ ልጅ፣ እጅጌህ ላይ የጭስ ማሽን ዘይት ምን ይሠራል?»

ቴክኒሻኑ አቀረቀረ። ማሽኑ ቢያስቸግረው ሊያየው መሄዱን፣ የሁለተኛውን መታጠፊያ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ «እኔ እጫንልሃለሁ» እንዳለው፣ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ መደበቁን ተናገረ። መሐንዲሱ «ሰደርያው ለልጆች አልደረሰም፣ ርክክቡን አልፈርምም» ብሎ እንደነበረም ጨመረ።

«ሬሳው ላይ ቀድሞ ደርሶ፣ ይተንፍስ ብሎ ሰደርያውን ያወለቀውስ ማን ነው?»

ልብስ ሰፊዋና ቴክኒሻኑ ሥራ አስኪያጁን አዩት።

«ለትምህርት ቤቱ ነገ ነበር የምናስረክበው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

የመውጫው በር ተከፈተ። የማሽኑ ጭስ ግን ወደ መውጫው የሚወስደውን ኮሪደር ገና አልለቀቀም ነበርና፣ መርማሪዋ ገመዱን አስተካክላ ሰደርያውን ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋችላት።

«ይቅርብኝ እትዬ። ልጄ ጋ ዳብሼም ቢሆን እደርሳለሁ።»

ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ ታጠፈች።