የሐዲዱ ዘበኛ ጆሮ

ተፋዝልን ባቡር የገደለው ሠላሳ ዓመት በጠበቀው ሐዲድ ላይ ነበር። ሬሳው ሳይቀበር ልጁ ሞንጁር አባቱን ገፍቶ ገደለ ተብሎ ተያዘ። ሚስቱ ሸፋሊ የፈራችው ሁሉ ደረሰባት፤ ባሏን አፈር፣ ልጇን ገመድ ሊበላባት።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሙርሺዳ ሞንጁርን በካቴና ይዛ ሁሉንም በሸፋሊ ግቢ ሰበሰበች።

«አባትየው “ምን አልክ? እስቲ ድገመው!” ብሎ ጮኸበት፤» አለች ጎረቤቲቱ ኮሂኑር። «ከዚያ ወደ ሐዲዱ ሲወጣ ልጁ ተከትሎ ገፋው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«ድሮም ይጮህ ነበር?»

«ተፋዝል? ድምፁ ከድመት ኮቴ አይበልጥም ነበር። መጮኽ የጀመረው ይህን ሳምንት ነው።»

ሙርሺዳ ወደ ሸፋሊ ዞረች። «እትዬ፣ ሲራመድ ግድግዳ ይደገፍ ነበር?»

«ጾሙ አዙሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«መድኃኒትስ?»

«እግሩ ሲያብጥ ውሃውን በሽንት የሚያወጣ ክኒን። ጠዋትና ቀትር ነበር የታዘዘለት፤ በረመዳን ግን ማፍጠሪያ ላይ አንድ ላይ ይውጠዋል። ደግሞ ኒታይ ለኩላሊቱ ሰባት ቀን መርፌ ወጋው።»

መድኃኒት ሻጩ ኒታይ ብድግ አለ። «ጠይቄያለሁ! “በቀን ምን ይወስዳል?” ብላት “ምንም” አለችኝ!»

«ጾመኛ በቀን ምን ሊወስድ ኖሯል?» አለች ሸፋሊ።

ኒታይ ራሱን ያዘ። «በየቀኑ ማለቴ ነበር እንጂ!»

«የምንሰማውም፣ ቀጥ ብለን የምንቆመውም በጆሯችን ውስጥ ባለች ጥቂት ፈሳሽ ነው፤» አለች ሙርሺዳ። «ክኒኑ ሲበዛ ያቺን ፈሳሽ ያናጋል። ይህ መርፌ ሲጨመርበት ደግሞ ጆሮ ይደነቁራል። መጀመሪያ ተንገዳገደ፤ ከዚያ መጮኽ ጀመረ፤ የገዛ ድምፁን አይሰማማ። ሞንጁር፣ ያን ቀን ምን አልከው?»

«“ባቡሩ ቀድሞ መጥቷል” አልኩት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«“ድገመው” ያለው ሊዝትበት ሳይሆን ስላልሰማው ነው። የባቡሩንም ፉጨት አልሰማም። የሟቹ ሸሚዝ አንገትጌ ከኋላ ተቀዷል፤ የሚገፋ ሰው ጨርቅ ጨብጦ አይጎትትም። ልጁ ከሐዲዱ ሊያወጣው ነበር። ነፍሰ ገዳይ የለም።»

«አለ እንጂ፤» አለች ሸፋሊ በቀስታ። «አንዲት ቃል ተናግሬ ገደልኩት።»

ካቴናው ሲፈታ ሮጣ የልጇን እጅ ያዘች።

«ልጄ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አላህን ይቅር እንዲልህ ስለምነው ነበር።»

ሞንጁር ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ከእጇ አወጣ።