የደም ቤቱ መንገድ

«በቀትር ብቻህን መንገድ አትሂድ፣ ልጄ» ይሉት ነበር አባቱ፣ ደግመው ደጋግመው። ዶክተር ስመኘው ግን ተማረና ረሳው።

ጠጋ በሉ። መብራቱን ተዉት፣ ዛሬ አይመጣም።

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልጠራም። ሐኪም ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነበረ። ደም የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ ለብቻው፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ። በመሃል አንዲት ቀጭን መንገድ። ሰዓቱ ስድስት፣ ድፍን ቀትር። ሰው የለ፣ ወፍ የለ።

የሺመቤት የምትባል ሴት ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነበር። ቶሎ ደም ካላገኘች ትሞታለች። ነርሷ ሲስተር አለሚቱ «ላምጣው?» ብትለው እንቢ አለ። ጠዋት በሽተኛ ፊት «ተሳስተዋል» ስላለችው አኩርፏል።

«እንግዲያው ሲመጡ የደሙ ጠርሙስ ላይ ያለውን ስም ከካርዷ ጋር አብረን እናነበዋለን፣ ዶክተር።»

«ፊደል ደግሞ ልታስቆጥሪኝ ነው?»

ሄደ። ጠርሙሱን አነሳ። «የሺመቤት» ይላል። በቃው፣ ተመለሰ።

ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ሄደ፤ ኮቴውም ሄደ። እናንተ ብትሆኑ ዞራችሁ ታያላችሁ? እሱ አላየም። ቀጥሎ ጎኑን በረደው። በዚያ ፀሐይ! ቀጥሎ ነጭ የበሽተኛ ልብስ በዓይኑ ጥግ ታየው። ቀጥሎ እግር፤ ባዶ እግር፣ አቧራ የማያስነሳ። የማያውቀው ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ተናገረው። ዞር ሲል መንገዱ ባዶ ነው።

አልጮኸም፣ አልሮጠም። ደንዝዞ፣ እንደ እንጨት ሆኖ ገባ።

«ሲስተር፣ አብረን እናንብብ።»

እሷ ካርዱን ያዘች፣ እሱ ጠርሙሱን።

«የሺመቤት ደርሶ» አለች።

«የሺመቤት...» ጠርሙሱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ደርበው።»

ለካስ ጥግ ላይ ለተኛችው ለሌላዋ የሺመቤት የተዘጋጀ፣ ለዚችኛዋ የማይስማማ ደም ነው! ብቻውን ቢሆን ይሰጣት ነበር? ይሰጣት ነበር። ትሞት ነበር? ትሞት ነበር። ሲስተር ሮጣ ትክክለኛውን አመጣች፤ አብረው አነበቡ፣ አብረው ሰጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ተረፈች።

«ምን አገኘዎት፣ ዶክተር? ፊትዎ አመድ መስሏል» አለችው በኋላ።

«መንገድ ላይ አንድ በሽተኛ አናገረኝ።»

«በሽተኞቹ ሁሉ እዚህ ናቸው እኮ! ምን አለዎት?»

ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል ነገራት፦

«‹የኔንም ጠርሙስ ሐኪሙ ብቻውን ነበር ያነበበው።›»