ለአሜሪካ የተላኩት ሽማግሌዎች

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ በቦሌ ለሚ ሜዳ ላይ ጤዛው ከፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ ሳይረግፍ፣ ሁለት መንግሥታት ሳይመካከሩ አንድ ቀን መረጡ፤ አንደኛው በገዛ አገሩ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ፤ ሁለተኛው፣ የባሕር ማዶው፣ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ ሃያ ሦስት ጀምሮ ከአጎዋ እንደሚያስወጣት አስታወቀ። አጎዋ የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ ነው፤ እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲያ በዚህ ሜዳ የተሰፋ የሕፃን ሱሪ ሁሉ እዚያ ወደብ ላይ ከመቶ አሥራ ስድስት ግድም ሊቀረጥ ነው። የባሕር ማዶው መንግሥት ቁጣ ግን የዚያን ዕለት አልጀመረም፤ በመስከረም ሰባት እርሱም በበኩሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐውጆ፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ነገር ለአሜሪካ ደኅንነት «ያልተለመደና እጅግ የከፋ ስጋት» ሆኗል ሲል ጽፎ ነበር።

ስጋቱ በዚያች ጠዋት በአንድ ፋብሪካ ዘጠነኛ መስመር ላይ ተደርድሮ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ለሆናቸው ሕፃናት ሱሪ ቁልፍ ይተክል ነበር።

የዘጠነኛው መስመር አለቃ የሺአረግ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ፣ ድምፅዋ ከአርባ የስፌት መኪና በላይ የሚሰማ፤ በፋብሪካው ማዕረግ ሱፐርቫይዘር ይሏታል። ከአርባዎቹ ሰፊዎች ሰባቱን ከሐይቅ ያመጣቻቸው እርሷ ናት፤ ያመጣቻቸውም እንዲሁ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በየቤታቸው ዞራ፣ በአባቶቻቸው ፊት ቆማ፣ «ሥራ ሳይይዙ አንዲት ቀን ቢያድሩ እኔን ጠይቁኝ» ብላ ዋስ ሆና ነው። በዚያ አገር ዋስ የሆነ ሰው በሰባት ዓመቱም ይጠየቃል። አሁን ደግሞ ጦርነቱ ሐይቅ ደርሶ፣ አባቶቹ ራሳቸው ፍራሽ ተሸክመው ላምበረት ከአውቶቡስ ወርደዋል፤ በገርጂ በተከራዩት ክፍል ሰባት ቤተሰብ የሚበላው ከሰባቱ ልጆች መርፌ ነው። ስለዚህ የሺአረግ የአጎዋን ወሬ በሰማች ጊዜ ያሰበችው ስለ አገር ሉዓላዊነት አልነበረም፤ ሰባት ስሞችን በልቧ ጠራች፤ ከሲቲ ጀምራ።

በዚያው ሳምንት ከአንድ ቢሮ የመጣ ወጣት ሹም የምሳ ሰዓታቸውን ወስዶ ንግግር አደረገ። እሑድ መስቀል አደባባይ ሰልፍ እንዳለ፣ መገኘት በግድ እንዳልሆነ፣ የቀረ ሰው ግን ስሙ እንደሚመዘገብ አስረዳ፤ አባቶቻችን ያለ አጎዋ ኖረዋልም አለ። ሲቲ ወደ አለቃዋ ዞር ብላ እውነቱን ነው ወይ ስትል ጠየቀቻት።

«እውነቱን ነው» አለች የሺአረግ፤ «ያለ ሱሪም ኖረዋል። ይህን ግን ሰልፉ ላይ እንዳትይው።»

ለሰልፉ «በቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት የሰፋው ይኸው ዘጠነኛው መስመር ነው፤ ጨርቁ ለአሜሪካ ሕፃናት ኪስ ከመጣው ነጭ ትራፊ ተቆረጠ፤ ክሩም የእነርሱው ነበር። የፋብሪካው ጌቶች ይህን አልከለከሉም፤ ገበያ ሲጠፋ ሁሉም ገዢ ክቡር ነው።

የሽምግልናው ሐሳብ የመጣው ከሲቲ አባት ከጋሽ ሐሩን ነው። ጋሽ ሐሩን በአገሩ በደም የተፈላለጉትን እስላምና ክርስቲያን ያስታረቀ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ በገርጂ ግን ማንም የማያውቀው ተፈናቃይ ሆኖ ከፍራሹ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የተጣላ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላካል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም አለ። የሠፈሩ እድር ሊቀ መንበር አቶ ወልደጻድቅ፣ ሠላሳ ዓመት በጉምሩክ የሠሩ ጡረተኛ፣ ሐሳቡን ወደዱት፤ ከጡረታ ወዲህ ማንም ምንም አማክሯቸው አያውቅም። ሽማግሌ የሚላክበት ሰውም አልጠፋ፤ ሱሪውን የሚገዛው የአሜሪካ ኩባንያ ወኪል በቦሌ መድኃኔ ዓለም ጀርባ ባለ አፓርታማ ይኖር ነበር። ሰፊዎቹ ሚስተር ቁልፍ ይሉታል፤ ሥራው ቁልፍ እየጎተተ መፈተን ነውና፤ አልነቀል ያለው ቁልፍ ያሳዝነዋል ይባላል።

ሽማግሌ በደሉን ሳያውቅ አይሄድም፤ ስለዚህ በዋዜማው የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ አሌክስ የባሕር ማዶውን የመስከረም ትእዛዝ ከስልኩ እየተረጎመ አነበበላቸው። ጋሽ ሐሩን ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠና በዳዩ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ፋዘር፣ በዳይ የሚል የለውም» አለ አሌክስ፤ «ስጋት ነው የሚለው። ኤክስኪዩቲቭ ኦርደር ስለሆነ ፎርማቱ እንደዚያ ነው።»

«ስጋቱስ ማን ነው?»

የሺአረግ ከበሩ አጠገብ እንደቆመች «እኔ ልሁን» አለች፤ «ሌላ ሰው እስኪገኝ።»

አቶ ወልደጻድቅ ደግሞ በሙያቸው ገቡና ቀረጥ ማለት ዕቃው በሚገባበት አገር የሚከፈል እንደሆነ፣ ስለዚህ በዚህ ሱሪ የሚቀረጠው የአሜሪካ ነጋዴ፣ በመጨረሻም ለልጇ ሱሪ የምትገዛ አሜሪካዊት እናት እንደሆነች አስረዱ። ጋሽ ሐሩን ይህን ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። ጎረቤቱን ለመቅጣት የገዛ ልጁን ዳቦ የሚያስወድድ ሰው በአገሩ አይቶ እንደሆነ አሰበ፤ አንድ ሰው ትዝ አለው፤ እርሱም ጠበል ተወስዶ ነበር።

ኅዳር አምስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ አሌክስን ለማስተርጎም አስከትለው ቦሌ ደረሱ። ባሕሉ እንደሚያዝዘው ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ይሸከማል፤ ጋሽ ሐሩንም ድንጋዩን በፌስታል ይዞት ነበር። ዘመኑ ግን የዐዋጅ ዘመን ነውና በአፓርታማው በር ላይ የሠፈር ጠባቂዎች አስቆሟቸው፤ መታወቂያ አዩ፤ የጋሽ ሐሩንን ሁለት ጊዜ ገለበጡት፤ ከዚያ ፌስታሉን ከፈቱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ለይቅርታ።»

«ለማን?»

«ለአሜሪካ።»

ጠባቂው ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ሰማዩን አየ። ስለ አሜሪካና ስለ ድንጋይ መመሪያ አልተሰጣቸውም። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ሰዎቹ ይግቡ፣ ድንጋዩ ግን በር ላይ ይቆይ ብለው ፈረዱ፤ ሁለት ዐዋጅ በታወጀበት ዘመን በከተማው ከተሰጡት ፍርዶች ይህ ከተመዛዘኑት አንዱ ነበር።

ሚስተር ቁልፍ በቁምጣ ከፈተላቸው፤ ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። ውኃ አቀረበ፤ አልጠጡም። ሽማግሌ ነገሩ ካልተሰጠው እንደማይቀመጥ አሌክስ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ሰውየው ግን የጉልበት ሕመም መስሎት ለስለስ ያለውን ሶፋ አሳየ። ጋሽ ሐሩን ቆሞ ተናገረ፤ በዳይ እኛ ከሆንን ይቅር በለን፣ ሌላ ከሆነ እኛን ከእርሱ ለይ፣ ሰባት ልጆች በዚህ መርፌ ነው የሚያድሩት አለ። ሚስተር ቁልፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ሰው ነበር፤ ይህ ግን ለሥራው ይበቃል። ኩባንያው ምንም ማድረግ እንደማይችል፣ ውሳኔው የፕሬዚዳንት ቢሮ እንደሆነ ተናገረ።

«ከእርሱ በላይ ማን አለ?» ሲል ጋሽ ሐሩን ጠየቀ። «ሲቆጣ ተው የሚለው፣ የሚያፍረው ሰው?»

አሌክስ ተረጎመ። ሚስተር ቁልፍ እንደዚህ ያለ ሰው እንደሌለ አመነ።

«ሽማግሌ የሌለው ሰው ነው በለኛ» አለ ጋሽ ሐሩን፤ በድምፁ ውስጥ ንቀት ብቻ አልነበረም፤ ጥቂት ሐዘንም ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። አቶ ወልደጻድቅ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸው እውነትም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚስተር ቁልፍ ይህን መቋቋም አቃተው፤ ላፕቶፑን እያሳየ ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ፣ ለዘጠነኛው መስመር የምችለውን አደርጋለሁ አለ። አሌክስ «የምችለውን አደርጋለሁ ብሏል» ሲል ተረጎመ። በሐይቅ አገር ይህን ቃል በቤቱ ውስጥ ለቆመ ሽማግሌ የተናገረ ሰው፣ በሬውንም መሬቱንም ቢሆን ሰጥቷል። ጋሽ ሐሩን ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ፤ አቶ ወልደጻድቅ ተከተሉ፤ ሀይላንዱን ጠጡ፤ ብስኩቱን ቀመሱ፤ መረቁት። ሚስተር ቁልፍ የተቀመጡት ስለደከማቸው መስሎት ደስ አለው። ያን ያህል ደስታ ስለነበረ ድንጋዩን በር ላይ ረሱት።

ከዐሥር ቀን በኋላ የሚስተር ቁልፍ ኤምባሲ ዜጎቹን ቶሎ ውጡ አላቸው፤ እርሱም ወጣ። በዚያው ሳምንት በገርጂ የተማሪ ዩኒፎርም የምታሰፋው ወይዘሮ ፊዮሪ የሺአረግን አስጠርታ ለሁለተኛው መንፈቅ ስምንት ሰፊ እንደምትፈልግ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ብቻ እንደምትጠብቅ ነገረቻት። ስምንት፤ ሰባቱና የሺአረግ ራሷ። የሺአረግ በደስታ ሮጣ ወደ ጋሽ ሐሩን ሄደች።

ጋሽ ሐሩን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ወዲያ ልጆቹን ወደ ሌላ ደጅ መውሰድ የሰጠን ሰው ውሸታም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በበደል ላይ ሌላ በደል ነው አላት።

«ሰውየው እኮ ሄዷል፣ ጋሽ ሐሩን። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲገባ ሾፌሩ አይቶታል።»

«ሰው ቢሄድ ቃሉ አይሄድም፣ የሺ።»

የሺአረግ አላመነችውም። አባቶቹ ግን ሰባቱም አመኑት፤ ዋስ ደግሞ በአባት ላይ አያዝም። ወይዘሮ ፊዮሪ ዘንድ ተመልሳ ይቅርብኝ አለቻት፤ ምክንያቱን ስትጠየቅም የአሜሪካንን መልስ እየጠበቅን ነው አለች፤ እንዲህ ስትል ሳቋ መጣባት፤ ወይዘሮ ፊዮሪ ግን አልሳቀችም።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት መጣ፤ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ጠዋት በዘጠነኛው መስመር ራስጌ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች፤ የገዢ ትእዛዝ ስለሌለ መስመሩ ከገና በኋላ እንደማይከፈት የምትገልጽ፣ ሦስት የፊደል ስሕተት ያለባት ወረቀት። ሚስተር ቁልፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ምናልባት ጽፏል። የሚችለው ያን ያህል ይሆናል።

ጋሽ ሐሩን ይህን ሰማ። ጋቢውን ለብሶ ብቻውን ከገርጂ ቦሌ ድረስ በእግሩ ሄደ። በአፓርታማው በር ላይ ድንጋዩ አልጠፋም፤ ጠባቂዎቹ በሩን እንዳይዘጋባቸው ያስደግፉበት ነበር። አጎንብሶ አነሣው፤ ጠባቂውም አወቀውና አልከለከለውም፤ በሩ ብቻ ከኋላው ተንኳኩቶ ተዘጋ። ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ በዚያው መንገድ ተመለሰ፤ የታክሲ ረዳቶች «ፋዘር፣ ግንባታ ላይ ነህ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። የሺአረግን ጠራት፤ አብረው ወደ ወይዘሮ ፊዮሪ ስፌት ቤት ገቡ። በመኪናዎቹ መካከል፣ ድንጋዩ በትከሻው እንዳለ፣ ቆመ።

ወይዘሮ ፊዮሪ ባሕሉን ታውቃለች፤ መርፌዎቹን አስቆመች። ስምንቱ ቦታ እንደተያዘ፣ ብታስፋፋ እንኳ የምትጨምረው አራት መኪና ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ አለመናገሯ ከጨዋነቷ ነው።

«አራት ይበቃል» አለ ጋሽ ሐሩን። «ከሰባቱ ሦስት ይቀራሉ። አንዷ የእኔ ትሁን። ፈጥኖ የተቀመጠው እኔ ነኝ።»

የሺአረግም ከአራቱ መኪና አንዱንም ለራሷ እንደማትወስድ ተናገረች። ወይዘሮ ፊዮሪ ወንበር ሳበችለት።

«ይቀመጡ፣ አባቴ።»

ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠ።

አራቱ ልጆች በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመሩ። ሲቲና ሁለት ጓደኞቿ በመጋቢት ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፤ የሺአረግ እስከ ቦሌ ሸኝታቸው፣ ሦስቱንም በስማቸው ጠርታ፣ «እኔን ጠይቁኝ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ሳትናገር ተመለሰች። ዋስትናዋን ከሰባት አራት አወጣች፤ አባቶቹ አልከሰሷትም፤ ይህ ከክስ ይልቅ ከብዷት ኖረ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ትእዛዙን ከነቁጥሩ መዝግበዋል፤ የአጎዋውን ቀን፣ የሰልፉን ብዛት፣ የመግለጫዎቹን ቃል ሳይቀር። የአገሩ ዐዋጅ በየካቲት ተነሣ። የባሕር ማዶው ግን ጦርነቱ በፊርማ ከቆመ በኋላም መስከረም በጠባ ቁጥር ታደሰ፤ በየዓመቱ፣ በዚያው ቃል፣ ያው ስጋት አሁንም ያልተለመደና እጅግ የከፋ ሆኖ ይገኛል። ማን ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ በዚያ ቤት የለምና። በገርጂ ደግሞ በወይዘሮ ፊዮሪ ስፌት ቤት አራት ሴቶች መስከረም በጠባ ቁጥር በተማሪ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላሉ፤ ነፋስ ሲነሣ በሩን የሚይዘው አንድ ድንጋይ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተገኘም።