ባትሪ የሌላት መኪና

ሰው ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ ብሎ ሲያወራ እኔ ተነስቼ ዶሮ የማባርር ሴት ነኝ፣ እናቴ እንኳ በልጅነታችን ስለ ወንዝ ዳር ነገር ስትነግረን እህቶቼ ጉያዋ ሲገቡ እኔ ብቻ እስቅ ነበር፣ እና እመኑኝ ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም፣ ማንን ላስፈራራ በዚህ ጉልበቴ፣ ብቻ አንድ ዓርብ ቀን በጠራራ ፀሐይ መርሳ ላይ በገዛ ግቢዬ ያየሁትን ለአንድ ሰው እንኳ እንደሆነው አድርጌ ሳልናገር አፈር እንዳልገባ ብዬ ነው።

ነገሩ ከመኪና ይጀምራል። የበኩር ልጄ ሰዒድ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፣ ዕድሜዋ ከእሱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፣ ነጭ ናት ይሉኝ ነበር፣ እኔ ነጭ ሆና አይቻት አላውቅም። ሽንኩርቱንም ማንጎውንም ጭኖ ወልድያ፣ አንዳንዴም ሐራ ገበያ ያደርስባት ነበር። ከዚያ ጊዜው ከፋ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሥራው ሞተ፣ ሰዒድም እንደ ሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ግቢ አቁሞ፣ ሚስቱን ዘሀራን እኔ ዘንድ ትቶ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕሩ ሄደ። ባሕሩ ዳር ሲደርስ አንድ ጊዜ ደወለ፣ "ነገ እንሻገራለን እማ፣ አብሽሪ" አለኝ፣ ያ ነገ ይኸው አራት ዓመት ሆነው።

በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲጠፋ ለዘላለም እንዲሁ አይቀመጥም፣ ሽማግሌዎች ከሸሁ ጋር ይመጡና እናቱን ይጠይቃሉ፣ እናት "ልጄ ሞቷል፣ ተቀብያለሁ" ካለች ሰደቃው ይወጣል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሚስቲቱም የሐዘን ወራቷን ቆጥራ ሌላ ሰው ለማግባት ነፃ ትሆናለች። እናት እምቢ ካለች ደግሞ የሚጋፋት የለም፣ ልጅቱ ግን እንደታሰረች ትቀራለች። ዘሀራ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላት፣ አንድ ቀን ፍቱኝ ብላኝ አታውቅም፣ ዝም ብላ ውሃዬን ትቀዳለች፣ እግሬን ታሻለች፣ እኔም እያየኋት ልቤ ይደማል። ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ እምቢ ብያቸዋለሁ። በዚያ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሊመጡ ነበር፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ አልቅሼ ጨርሼ፣ በቃ፣ ልጅቱን እለቃታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ወላሂ ቆርጬ ነበር።

ታናሹ ልጄ ሁሴን ደግሞ በዚያው ጠዋት ከወልድያ መካኒክ ይዞ መጣ፣ ጌታቸው ይሉታል፣ የጊዮርጊስን ስም ካልጠራ ብሎን የማይፈታ ደግ ክርስቲያን ነው። የመኪናዋ ሞተር ደህና ነው አሉ፣ ችግሩ በሞተሩ ኃይል እየዞረ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ነው፣ ክንፉ ተሰብሮ፣ ለዕድሜዋ የሚሆን መለዋወጫም ጠፍቶ። ስለዚህ ጌታቸው ከተገለበጠች ትንሽ መኪና የተፈቱ ሁለት ማራገቢያዎች በማዳበሪያ ጆንያ ይዞ መጣ፣ በባትሪ የሚሠሩ።

"ይቺ የቢሮ ማራገቢያ አይደለችም ወይ ልጄ?" አልኩት።

"የቢሮ ናት እማማ፣" አለኝ፣ "መኪናዋ አርጅታለች፣ ቢሮ ትግባ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ጸሐፊዋ ይሆናሉ።"

"ፊርማ አልችልማ።"

"አውራ ጣት ይበቃል እማማ፣ የኛም አለቃ ሌላ አያውቅም።"

ሁሴን ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ በዚያ ቀን መሳቄ አሁን ይገርመኛል። ራዲያተሩን በሲባጎ ለኩ፣ ሁለቱን ማራገቢያዎች ጎን ለጎን ከጀርባው አሰሩ፣ ገመዳቸውን ወደ ባትሪው ወሰዱ፣ ከመሪው ሥር ማብሪያ ገጠሙ፣ ሁሴንም ሞተሩን አስነሳ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ እሰየው ተባለ፣ ብዙም ሳይቆይ ግን መኪናዋ እንደ ድስት ፈላች። አጥፍተው አቀዘቀዙ፣ ደግመው አስነሱ፣ ደግማ ፈላች። ጌታቸው ውሃው ነው ይላል፣ ሁሴን "ያንተ ፋን ለጌጥ ነው የሚዞረው" ይላል፣ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው።

እኔ መኪና አላውቅም፣ ነፋስ ግን አውቃለሁ። አውድማ ላይ ምርት ለነፋስ ስንሰጥ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መጀመሪያ ቆንጠር አድርገን እብቅ እንበትናለን፣ ያን ሳያይ ላይዳ የሚያነሳ ሰው እህሉን ፊቱ ላይ ነው የሚያፈሰው። እና ከጎተራው ሥር አንድ እፍኝ የጤፍ እብቅ አንስቼ በመኪናዋ አፍንጫ ፊት በተንኩት፣ ተመልሶ ዓይኔን ሞላው።

"ልጆቼ፣" አልኩ ዓይኔን እያሸሁ፣ "ይህ ነገር ወደ ውጭ ነው የሚተነፍሰው። ወደ ውስጥ መሳብ አልነበረበትም?"

ጌታቸው ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሰ፣ ገመዶቹን ተከትሎ ሄደ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። አዎንታውንና አሉታውን ገመድ አቀያይሮ አስሮታል፣ ማራገቢያዎቹ ወደ ኋላ ነው የሚዞሩት። "አሥራ አምስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬ በእብቅ ተፈረደብኝ፣" አለ። ገመዶቹን በጠሳቸው፣ መቀጠያ ልግዛ፣ በዚያው ሽሮዬን ልብላ፣ ዓርብ ነው ብሎ ወደ ከተማ ወጣ። ሁሴንም ባትሪው ደክሟል ብሎ ነቅሎ በባጃጅ ጫነው፣ ቻርጅ አስደርጎ ከሰላት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊመለስ። ዘሀራ ወፍጮ ቤት ናት። ልብ በሉልኝ፣ ባትሪው የለም፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ ሁለቱ የተበጠሱ ገመዶች ከራዲያተሩ ላይ እንደ እባብ ቆዳ ተንጠልጥለዋል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ግቢው ውስጥ እኔና አንዲት ዶሮ ብቻ ነን።

ከመኪናዋ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለሽማግሌዎቹ የምላትን ቃል እለማመድ ነበር፣ "ተቀብያለሁ" ማለት እኮ አጭር ቃል ነው፣ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀጭን ድምፅ ነው፣ ጥፍር ቆርቆሮ ሲነካ እንደሚያሰማው፣ ጠቅ። ሞተሩ እየበረደ ነው አልኩ። ደግሞ ጠቅ። ከዚያ ዶሮዋ ራሷን ቀና አድርጋ አንዴ ቆማ አየችና ወደ ጓሮ ሮጠች። ቀና ስል በራዲያተሩ ወንፊት ውስጥ አንድ ክንፍ ሲያልፍ አየሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ሌላ ክንፍ። ነፋስ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ወደ ባሕር ዛፉ አየሁ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በመርሳ የምሳ ሰዓት ሙቀት ነፋስ ከየት መጥቶ።

ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ዞሩ። ቅድም የበተንኩት እብቅ ከመሬት ተነሳ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ሄዶ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ፣ የሻሼ ጫፍም ወደዚያው ተጎተተ። በትክክል ወደ ውስጥ ነው የሚስቡት። ተነስቼ በጎን ዞርኩ፣ በኋላ በኩል የሚወጣው ነፋስ እንደ እሳት ይጋረፋል፣ እጄን ሞተሩ ላይ ባሳርፍ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ድምፁስ፣ ሰዒድ የፊት ጥርሱ መሐል ክፍተት ነበረው፣ ብሎን ሲያጠብቅ ሳያውቀው በዚያ ክፍተት ዜማ የሌለው ፉጨት ያፏጫል፣ እናት ያን አትስትም፣ ያ ነበር ድምፁ።

አልጮህኩም። ኮፈኑን ይዤ፣ "ሰዒድ፣" አልኩ፣ "በሕይወት ካለህ ቁም።"

ቆመ። እየደከመ እየደከመ አይደለም የቆመው፣ ሰው በእጁ እንደያዘው ቀጥ አለ። እብቁ ከወንፊቱ ላይ ረግፎ ወደቀ።

እዚያው እንደቆምኩ ነው ሽማግሌዎቹ የደረሱት፣ ሸህ ኑሩ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሁሴንም ከኋላ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዘሀራም ከወፍጮ ቤት ተመልሳ በደጃፉ ቆመች፣ ፊቷ ላይ ዱቄት እንዳለ።

"እንግዲህ ፋጡማ፣" አሉኝ ሸሁ፣ "ቃልሽን አምጪ።"

ምን ልበላቸው? መኪና ነገረኝ ልበል? ሽማግሌ የመኪና ማራገቢያ ምስክር አይቀበልም፣ ሕልም ግን ይቀበላል፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እና አፌ ሳላዘው፣ "ሕልም አየሁ፣" አለ። "ሰዒድን አየሁት። ደህና ነው።"

ሸሁ ተስተካክለው ተቀመጡ። ተናገረሽ? አሉ፣ አልተናገረም አልኩ። ፊቱ ወዴት ነበር? ወደ እኔ። ልብሱስ? "ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ፣ የሄደበት ዕለት የለበሰው፣" አልኳቸው፣ እንደዚያ ሆኖ ትዝ ስላለኝ። ብዙ አሰቡ፣ ጢማቸውን ያዙ፣ በመጨረሻ "በገዛ ልብሱ ከመጣ በሕይወት ነው፣ ሁለት ረመዳን ጠብቁ፣" ብለው ፈረዱ። በሐሰት ሕልም መናገር ምን ያህል ኃጢአት እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ዘሀራ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም፣ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ዱቄቷን ይዛ ገባች።

ያን ቀን ማታ ጌታቸው ገመዱን አስተካክሎ ሲጨርስ፣ ይህ ነገር ያለ ባትሪ ይዞራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ብርቱ ነፋስ ካገኘው እንደ ጨዋታ ይዞራል እማማ፣ ምነው?" አለኝ። ምንም አልኩት።

ጠዋት ስነሳ ዘሀራ የለችም፣ ወደ አባቷ ቤት ወደ ውርጌሳ ሄዳለች። አልጋዬ ግርጌ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ታጥቦ፣ አዝራሩ ተተክቶ። ለካ እሱን ለብሶ አልሄደም፣ ለካ አራት ዓመት ሙሉ ሳጥኗ ውስጥ ነበር። ሕልሙ ሐሰት መሆኑን እዚያው ደጃፉ ላይ አውቃለች፣ አውቃ በሽማግሌ ፊት አላዋረደችኝም። ለእኔ ብላ ይሆን? ወይስ እሷም ሐሰቱን ፈልጋው? አላውቅም፣ አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም። ካለህ ቁም አልኩት፣ ቆመ፣ ግን የሚዞር ነገር ሁሉ መቼስ መቆሙ ይቀራል? ከሞትክስ ምን አድርግ ልለው ነበር? አንዲትን ልጅ ከሬሳ ጋር አስሬ እንደሆነስ?

መኪናዋ አሁን አትፈላም፣ ሁሴን የውጫሌን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ ይወጣባታል። ባለፈው ሳምንት በውርጌሳ በኩል አልፎ መጣ፣ ግቢ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ፣ ወርዶም አጠገቤ ቆመ። ኮፈኑ ውስጥ ግን ማራገቢያው ይዞራል።

"ማብሪያውን አላጠፋኸውም?" አልኩት።

"አጥፍቻለሁ እማ።"

ሁለታችንም እስኪቆም ጠበቅን። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "ዘሀራን አገኘኋት፣" አለኝ፣ "እማን ጠይቅልኝ አለች፣ ሕልሙን ደግማ አይታው እንደሆነ።"

እስካሁን መልስ አልላክሁላትም።