ዮርዲ የፈታችው ገመድ

ልጆቼ፣ ዮርዲ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ቤቷ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። እግሯ ንፋስ፣ ምላሷ ጦር። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ ሣቅህን ያዝ! ያንተንም ምላስ እናውቀዋለን።

ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ሣህሉ የሰፈሩን ልጆች በአሮጌው የባቡር ጋራዥ ግቢ ኳስ ያስተምራሉ። አራቱን ተከላካዮች፣ ሰማታርን፣ ፋርሂያን፣ ትንሿን ሂባቅንና ከዳር ዮርዲን፣ ወገባቸውን በአንድ ገመድ ያያይዟቸዋል።

"አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። በክፍተት የሚገባው ኳስ ብቻ አይደለም" ይላሉ።

"ደግሞ ምን ሊገባ ነው፣ አቦ?" ብላ ሣቀች ዮርዲ።

ጋሽ ሣህሉ አልሣቁም። ከግቢው ዳር ያለውን፣ ድሮ ባቡር ከሥሩ ይጠገንበት የነበረውን ጥልቅ ጉድጓድ አዩና የዮርዲን ቋጠሮ አጠበቁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ነው። ድሬ ተኝታለች፤ ቁራ እንኳ አይጮኽም። ጋሽ ሣህሉ ውኃ ሊያመጡ ሄደዋል። ኳሷ ዮርዲ እግር ሥር ገባች። ዮርዲም ገመዱን ከወገቧ ፈትታ ጣለችና ተፈተለከች።

"ዮርዲ፣ ቦታሽ!" አለ ሰማታር።

"ቦታ ይበላል እንዴ?"

ከተጋጣሚዎቿ ሁለቱን አለፈች። በረኛውንም አለፈች። ጎሉ ባዶውን ቀረ። ያኔ ከኋላዋ ሂባቅ ጮኸች።

"ዮርዲ፣ አትጎትቺኝ! ወገቤን!"

ዮርዲ ዞረች። የጣለችው ገመድ መሬት ላይ የለም። በወገብ ልክ አየር ላይ ተወጥሯል፤ ጫፉ ክብ ሆኖ ታስሯል፤ በክቡ ውስጥ ግን ማንም የለም። አሸዋው ላይ ዱካ የለም። ገመዱ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ሰማታርና ፋርሂያ ተረከዛቸውን ተክለው ቢታገሉም ሂባቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳለች።

አልዋሻችሁም ልጆቼ፣ ዮርዲ ጎሉን አንዴ መለስ ብላ አየችው። አንዴ። ከዚያ ኳሷን ትታ በረረች፤ ገመዱንም በሁለት እጇ ያዘች። በዚያ ሐሩር እንደ ሌሊት ድንጋይ ቀዝቅዟል።

"ቦታው የኔ ነው!" ብላ ጮኸች። "መጥቻለሁ፣ የኔ ነው!"

ገመዱ ላላ። ሂባቅ ዮርዲ ደረት ላይ ወደቀች። የሂባቅ አንድ ጫማ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ መሬት ሲመታ ግን ማንም አልሰማም።

ጋሽ ሣህሉ ሲመለሱ ዮርዲ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት። ይማሩኝ።"

"ሂባቅን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው" አሏት። ዮርዲም ሂባቅን አቅፋ አለቀሰች። የራሷን ጫማ አውልቃ አጠለቀችላት። ከዚያ ገመዱን አንሥታ ወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ልጆቼ፣ ለባልንጀራችሁ የቆማችሁበትን ቦታ አትልቀቁ፤ ትታችሁት የሄዳችሁት ቦታ ባዶ አይቀርም።