በስምንተኛው ሜትር ላይ

ታፈሰ አልጋው ላይ ታንቆ በተገኘ ዕለት ሞያሌ ገዳዩን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። ሌሊቱን በተቆለፈው የታፈሰ እንግዳ ማረፊያ ግቢ ያደሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ ብዙወርቅ፣ ወንድሟ ጌድዮን፣ እና ከኦቦ መንደር የመጣው የፍሳሽ መስመር መርማሪ፣ በአካባቢው አጠራር ፉንዲው፣ ቦርቶ። ሚስት ታለቅሳለች፤ ወንድም ያጽናናታል። እንግዳውንስ ማን ያጽናናዋል? ጎረቤቱ ተረባርቦ ሁለት ጥርሱን አራገፈው። አይ ሰው!

ኢንስፔክተር ቢፍቱ ስትደርስ ቦርቶ በካቴና ታስሮ አፈር ላይ ተቀምጧል፤ ከአጥሩ ውጭ «ለእኛ ስጡን!» የሚል ጩኸት ይሰማል። እሷ ግን ቀጥታ ወደ ሬሳው ሄደች። ታፈሰ ጠጥቶ ነበር የተኛው። አንገቱ ላይ ሰፊ ሰንበር፣ ጥፍሩ ሥር ቢጫ ክር አለ። የታነቀበት ጨርቅ የለም። ጓሮ ስትወጣ አራት ባዶ ጀሪካን ሽንት ቤቱ በር ላይ ተጋድሟል።

«ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ! ያ አረመኔ እጁን ታጥቦበት ይሆናል።»

«ቦርቶ ምን ሊሠራ ነበር የመጣው?»

«ሽንት ቤቱ ይሸታል ብሎ ታፈሰ አመጣው። መስመሩ እንኳ ምንም አልሆነ፤ አምና ወንድሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ፕላስቲክ ዘርግቶታል። የጣሉበትን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል።»

«ቦርቶ መሐሉ አሮጌ ሸክላ ነው ብሏል አሉ።»

«ዓይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም!»

ቦርቶ በተሰነጠቀ ከንፈሩ መለሰ። «ዘንጌን በቱቦው ውስጥ ሰደድኩት፤ ስምንተኛው ሜትር ላይ ቆመ። ፕላስቲክ ለስላሳ ነው፣ ያንሸራትታል። ሸክላ ግን በየመጋጠሚያው ይይዛል፣ የዛፍ ሥርም ይገባበታል። ማታውኑ ነገርኳቸው።»

«አቶ ታፈሰ ምን አሉ?»

«‹ጠዋት ይቆፈር። ሸክላ ከወጣ የጌድዮንን እጅ ሰብሬ ድንበር አሻግሬ እጥለዋለሁ› አሉ። እህትና ወንድም ቆመው ይሰሙ ነበር።»

ቢፍቱ ሦስቱንም ግቢው መሐል አቆመችና ከሽንት ቤቱ ስምንት ሜትር ለክታ አስቆፈረች። ቀይ የሸክላ ቱቦ ወጣ፤ ተሰንጥቋል፣ ሥር ሞልቶታል። ሥሩ ላይ በመቀስ የተቆራረጠ ቢጫ ሌሶ፣ ሴቶች የሚያገለድሙት ስስ ጨርቅ፣ ተጠምጥሟል።

«ሞያሌ ውስጥ ቢጫ ሌሶ የሌለበት ቤት የለም» አለች ቢፍቱ። «ስለዚህ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም። በአህያ ጋሪ ውሃ በምንገዛበት ከተማ ይህን ጨርቅ ጥሎ አራት ጀሪካን የለቀቀበት ሰው ቱቦው እንደሚወስድለት ቅንጣት አልተጠራጠረም። ቦርቶ እንደሚቆም ያውቃል፤ ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሊቆፍር ነበር። ራሱ የሚያወጣውን ምን ቆርጦት ይቀብራል?»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ጩኸት ጋብ አለ።

«ጌድዮን፣ ፕላስቲኩን የሚታዩት ጫፎች ላይ ብቻ ቀጥለህ መሐሉን ሸክላ መተውህን ታውቅ ነበር? አላውቅም ካልክ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ። አውቅ ነበር ካልክ አንተም አትጥልበትም ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

ጌድዮን እህቱን አያት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዝም ቢል ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔም አንድ ደህና ነገር በጻፍኩለት ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

ብዙወርቅ ጉድጓዱን ተመለከተች። «ማታ ጠየቅኩህ። በእማዬ አፅም ምለህ ‹ፕላስቲክ ነው› አልከኝ። እጅህን ሊሰብርብኝ ሲል... አንተን ብዬ እኮ ነው!»

ፖሊሶቹ የያዙት ካቴና አንድ ብቻ ነበር። ከቦርቶ እጅ ወልቆ ብዙወርቅ እጅ ላይ ገባ፤ የቦርቶ ደም ገና አልደረቀበትም። ጥርሱን ያራገፉት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወደየሱቃቸው ተመለሱ፤ ይቅርታ ያለው የለም።

«እትዬ...» አለ ጌድዮን ከኋላዋ።

«እጅህን ተጠንቀቅ» አለችውና መኪናው ላይ ወጣች።