የማይቀየረው የፈቃድ ቁጥር

ወረቀቱን የፋርማሲው ባንኮኒ ላይ አስቀመጠ።

ፈርቷል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በሰው ስም ሲበላና ሲተኛ የኖረ ሰላይ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ሴት ፊት ቆሞ የሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ለእናቴ ነው» አለ። «የቆየው ይሻለኛል ብላለች።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየችውም። ወረቀቱን አነበበች፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አነበበችው።

«የቆየ አንሰጥም» አለች ቀስ ብላ። «ጊዜው ያለፈበት ይሆናል።»

ከሦስት ዓመት በፊት ዓቃቤ ሕጉ ለይለፍ ቃሉ ያስጠናት መልስ ይኸው ነበር። እሷ ናት።

የሰላዩ የምሥጢር ስም «ጠብታ» ነው። አሥራ አንዱን ወር ያሳለፈው ሻጭ መስሎ «አከፋፋዩ» የሚባል ሰው ድርጅት ውስጥ ነው። አከፋፋዩ ዱቄት በእንክብል አሽጎ፣ መድኃኒት ነው ብሎ ለሆስፒታሎች ያቀርባል። ይህን በዓይኗ አይታ፣ እያንዳንዱን ካርቶን በደብተር የመዘገበችው ይህች ፋርማሲስት ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርባ መመስከር አለባት። ካልቀረበች አከፋፋዩ ነፃ ይወጣል፤ ዱቄቱም ወደ ሕሙማን አልጋ መሄዱን ይቀጥላል።

ሦስት ዓመት ተደብቃለች። ከተማ ቀየረች፣ ስልክ ቀየረች፣ ስሟን ሳይቀር ለወጠች። ያለ ፈቃድ መድኃኒት መስጠት ግን አልሆነላትም። ቀኑ ሲደርስ ሄዳ ፈቃዷን አሳደሰች። የጤና ባለሙያዎች መዝገብ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ቁጥር የጻፈ ሰው የባለሙያውን ስምና የሚሠራበትን ቦታ ያያል። ስም ይለወጣል፣ የፈቃድ ቁጥር ግን እስከ ሞት ያው ነው። ጠብታ ትናንት ቁጥሩን ጻፈ። ወዲያው ወጣችለት። ወይ መደበቅ!

«እንዴት አገኘኸኝ?»

«በመዝገቡ፣ እትዬ። ፈቃድዎን አሳድሰዋል።»

«ታዲያ ጊዜው ይለፍበት?» ዓይኗ ቀላ። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም!»

«እሺ፣ እሺ። ደብተሩን ይያዙና እንሂድ።»

«ዛሬ ደግሞ ፈላጊዬ በዛ» አለች። «ጠዋት አንዱ ከምዝገባ ቢሮ ነኝ ብሎ ደወለ። ቁጥሬን አነበበልኝና እስከ ስንት ሰዓት እንደምቆይ ጠየቀኝ።»

«ምንዎን አነበበልዎ?»

«የፈቃዴን ቁጥር።»

ጠብታ ዞሮ በሩን አየ።

የድሮ ፋይሏ ታሽጓል። ቁጥሩ የምስክሯ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሱ ነው። ሌላው በብጫቂ ወረቀት ጽፎ የሰጠው አለቃው ነው። በስልክ «አጎቴ» ይለዋል፤ ለሚሰማ ሰው የዘመድ ወሬ እንዲመስል።

ስልኩ ጮኸ። አጎቴ።

«አክስትህን አገኘሃት?»

«ተራ እየጠበቅሁ ነው።»

«ደብተሩን ካልያዝክ እንዳትወጣ። የሚያግዝህ ሰው ልኬልሃለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ተዘጋ።

ነገሩ አሁን ገባው። እሷን መግደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይበቃቸው ነበር። የፈለጉት ደብተሩን ነው። ደብተሩን ደግሞ የምታወጣው የይለፍ ቃሉን ለያዘ ሰው ብቻ ነው። አጎቴ ለአከፋፋዩ ሸጦታል። ማጥመጃው እሱ ራሱ ነበር።

ከኋላው የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ሲጥጥ አለ።

ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ተነሥቶ መጣ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በግራው የሐኪም ማዘዣ ዘረጋ።

«እቸኩላለሁ» አለ።

ጠብታ ላብ በላብ ሆነ። ሮጦ መውጣት አማረው፤ እውነቱን ለመናገር በሩን ሁለት ጊዜ አይቶታል። እሷ ግን ማዘዣውን ተቀብላ፣ እንደ ልማዷ፣ የሐኪሙን የፈቃድ ቁጥር በኮምፒውተሯ የመዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ጻፈች። ለማንም ሳታጣራ መድኃኒት ሰጥታ አታውቅም። ገጹ ተከፈተ። ጠብታ በባንኮኒው ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«በሞት ምክንያት ከመዝገብ የወጣ።» ከሁለት ዓመት በፊት።

ሰውየው የሞተ ሐኪም ማዘዣ ይዞ ነው የመጣው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ይሄኛው ያለው መጋዘን ነው፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተለወጠም። ወደ ጠብታ ዞረች። «አንተ ደግሞ ና ካርቶን አውርድልኝ፤ ወገቤን አሞኛል።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ደብተሩን ለጠብታ ልታወጣለት የሄደች መሰለው።

መጋዘኑ ውስጥ «ለሚወገድ» የሚል ሣጥን ከፈተች። ጊዜያቸው ካለፈ ሽሮፖች ሥር ደብተሩን መዘዘች። የጓሮው በር አምስት እርምጃ ይቀራል። ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

«የማደንዘዣው ቁምሣጥን ክፍት ነው!»

«ኧረ ይተዉት!»

«በእኔ ፊርማ ነው ያለው!»

ተመለሰች። ቆለፈች። መዝገብ አውጥታ ሰዓቱን ጻፈችና ፈረመች። ጠብታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። በዚህች ሴት ፊርማ ልሞት ነው አለ በልቡ።

ኮቴ።

የመጋዘኑ በር ተበረገደ።

ጠብታ እሷን ወደ ጓሮ ገፍትሮ፣ ተከትሏት ወጥቶ የጓሮውን በር በጀርባው ዘጋ። ጥይቱ ሣንቃውን ሰንጥቆ ግራ ክንዱን በላው። ጓሮ በቆመው የጠብታ መኪና ገብተው ሲፈተለኩ ጋዋኗን ቀድዳ ክንዱን ጥፍንግ አድርጋ አሰረችለት፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

በማግስቱ መሰከረች። ደብተሩ ገጽ በገጽ ተነበበ። አከፋፋዩ ተፈረደበት፤ አጎቴም በካቴና ወረደ። የአከፋፋዩ ሰዎች ግን አላለቁም።

«ቁጥሩ መዝገቡ ላይ እስካለ ድረስ ያገኙሻል» አላት ዓቃቤ ሕጉ። «ልሰረዝ ብለሽ ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን ያዘች። ያን ጊዜ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ሁለት ዓመቷን በአንድ ፊርማ ጨረሰችው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ጠብታ ሌላ ስም ይዞ ሌላ ከተማ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባ። ግራ እጁ ከእንግዲህ ጽዋ አያነሣም። የታዘዘው አሁን እዚያ የምትሸጠው ፋርማሲስት ደኅና መሆኗን አይቶ እንዲመለስ ነው፤ መነጋገር ክልክል ነው። እሷም አየችው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ እስክሪብቶ ሰጠችው።

አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ሁለት የክኒን ማሸጊያ አወጡ።

«ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው። እነዚህን አንድ ላይ ብውጣቸው ይጎዱኝ ይሆን?»

ተቀብላ አየቻቸው። ገልብጣ አየቻቸው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠብታ ትንፋሹን ዋጠ።

«አላውቅም አባቴ» አለች። ማሸጊያዎቹን ግን ወዲያው አልመለሰችላቸውም። «መንገዱን ይሻገሩና ፋርማሲ ይጠይቁ። አሁኑኑ። ሳይጠይቁ እንዳይውጡ፣ በሞቴ!» ብላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ጠብታ እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሽማግሌው መንገዱን እስኪሻገሩ ጠበቀና ሰው መሀል ገባ።